የከሚሴ ችሎትና የአስተርጓሚው ቃል

ችሎት ለሁሉም ክፍት ነው ይባላል። መዝገቡስ? እኛ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። ከሚሴ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር ሳለች፣ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ አደረገ፤ የአገሬው ገበሬ ደግሞ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው። እርግጥ አማርኛውን የሚያውቅ ሞልቷል፣ አንክድም። ግን ገበያ ላይ መግባባትና በመሬት መሟገት ለየቅል ናቸው። አማርኛ የማይችለው ቃሉን ይሰጣል፣ አስተርጓሚው ይመልሳል፣ ጸሐፊው ይከትባል፤ መዝገብ ላይ የሚቀረው እንግዲህ የአስተርጓሚው ቃል ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከራካሪው የፍርዱን ግልባጭ እንዲወስድ ይፈቅዳል። ወስዶስ? ደግሞ አንባቢ ፍለጋ! አበጋሩ ወይም ቃዲው ዘንድ ቢሄድ አንፈርድበትም፤ እዚያ ቢያንስ ስለራሱ የሚባለውን ይሰማል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት፣ ችሎቱ በማያውቀው ቋንቋ ለሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ፈቀደ። ለከሚሴ የበለጠው ግን ዞኑ ኦሮምኛን የሥራ ቋንቋ ማድረጉ ነው፤ አባት ከመዝገብ ቤት ያወጣውን ግልባጭ ልጁ ታነብለታለች። ይግባኙ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲሄድስ? የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነውና ያ የጥንቱ አስተርጓሚ እንደገና ይጠራል።