ከሰኔ 14 እስከ ሰኔ 14

«ሕዝቡ እኮ ወደ እንትና ፓርቲ ዞሯል!» ምርጫ በመጣ ቁጥር የምንሰማት፣ እኛም የምንደግማት ወሬ ናት። ዞረ ለማለት ግን ፓርቲዎቹ ሁለቱም ጊዜ ወረቀቱ ላይ መኖር የለባቸውም እንዴ? እስቲ ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ምዕራብ ሐረርጌ እንውረድ። ጭሮን (አሰበ ተፈሪን) እና ገለምሶን አልፈን፣ የቡናና የጫት አገር መቻራ ድረስ።

ሰኔ 14 ቀን 1984 ዓ.ም. የክልልና የወረዳ ምርጫ ነበር። በሐረርጌ በደንብ የሚታወቀው ኦነግ ድምፅ ሊሰጥ ቀናት ሲቀሩ ራሱን አገለለ፤ የሽግግር መንግሥቱንም ጥሎ ወጣ። በ1987ም በ1992ም ወረቀቱ ላይ አልነበረም። መቻራ ላይ ኦነግን የሚወድ ሰው እንግዲህ ወይ ከቀረቡለት አንዱን ይመርጣል፣ ወይ ቤቱ ይቀመጣል። መዝገቡ የሚነግረን ኦሕዴድ ማሸነፉን ብቻ ነው።

1997 ላይ አማራጭ መጣ። የመረራ ጉዲና ኦብኮ በኅብረት ጥላ ሥር፣ የቡልቻ ደመቅሳ ኦፌዴን፣ ቅንጅትም ተወዳደሩ። በኦሮሚያ ከሲሶ በላይ የፓርላማ ወንበር ከኦሕዴድ እጅ ወጣ። ሕዝቡ በአምስት ዓመት ውስጥ ዞሮ ነው? ወይስ ድሮም የነበረው ሐሳብ ምልክት የሚያደርግበት ቦታ አግኝቶ? ከቀድሞው ምርጫ ጋር የምናስተያየው ነገር ስለሌለን መለየት ይከብዳል።

በ2002 ደግሞ ኦሕዴድ በኦሮሚያ 178ቱንም ወንበር ወሰደ። 2007 ላይም እንደዚያው፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ የአገሪቱን 547 ወንበር ጠቅልለው ያዙ። በስድስት ወሩ፣ ኅዳር 2008 ላይ፣ ኦሮሚያ በተቃውሞ ተናጠ፤ ምዕራብ ሐረርጌም አልቀረለትም፣ ሰውም ሞተበት። መቶ በመቶ የመረጠ ሕዝብ በስድስት ወር ይዞራል?

እዚህ ላይ ወንበርና ድምፅ አንድ እንዳልሆኑ እናስታውስ። የእኛ ሕግ በየምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ላገኘው ወንበሩን ይሰጣል፤ የተሸናፊው ድምፅ፣ 49 ከመቶም ቢሆን፣ ፓርላማ አይገባም። እንግሊዞችም በዚሁ ሥርዓት ነው የሚመርጡት። የሌበር ፓርቲ ድምፅ ከ2019 እስከ 2024 (እ.ኤ.አ.) ከ32 ወደ 34 ከመቶ ገደማ ብቻ ከፍ ሲል፣ ወንበሩ ከ202 ወደ 411 ዘለለ። እነሱ ግን ቢያንስ ያንኑ ፓርቲ በሁለቱም ምርጫዎች ስላገኙት ልዩነቱን መቁጠር ይችላሉ።

እኛስ? ኦሕዴድ በ2011 ኦዴፓ ሆነ፣ በ2012 ደግሞ ብልጽግና ውስጥ ገባ። የመረራና የቡልቻ ፓርቲዎች ተዋሕደው ኦፌኮ ሆኑ። ኦነግ ከስደት ተመለሰ። አሁንስ ሊለካ ነው ስንል ኦፌኮና ኦነግ አባሎቻችን ታሰሩ፣ ቢሮዎቻችን ተዘጉ ብለው ከምርጫው ወጡ፤ በኦሮሚያ በብዙ ቦታ ብልጽግና ያለ ተፎካካሪ ቀረበ። ድምፅ የተሰጠበት ቀን? ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.! ከ29 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ቀን፣ ኦነግ አሁንም ወረቀቱ ላይ የለም።

ስለዚህ ወገን፣ «ሕዝቡ ዞሯል» ወይም «ሕዝቡ ከእኛ ጋር ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ወረቀቱ ላይ እነማን ነበሩ? የምታወራልን ስለ ወንበር ነው ወይስ ስለ ድምፅ? የመቻራ ሰው ልቡ ስንቴ እንደዞረ ከእነዚህ ውጤቶች አናውቅም። ስንቴ ምርጫ እንዳጣ ግን መቁጠር እንችላለን።