ስለ አገሮች የኳስ ውድድር

በነገሌም ሆነ በያቤሎ፥ «ክለባችን ካሸነፈ ይበቃናል፤ የአገሮች ውድድር ምን ያደርግልናል?» የሚሉ የኳስ ወዳጆች አሉ። እኛ ታሪኩን ተመልክተን አልተስማማንም።

በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ሲጀመር ኢትዮጵያ፥ ግብጽና ሱዳን ተጫወቱ። አራተኛዋ ደቡብ አፍሪካ ግን ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን ቀላቅላ አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ውጭ ሆነች። እንዲህ ያለ ፍርድ በክለብ ጨዋታ ከየት ይገኛል?

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቡድናችን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው ግብጽን 4 ለ 2 ረታ።

ከ1974 ዓ.ም. በኋላ 31 ዓመት ከዚህ ውድድር ራቅን። በ2005 ዓ.ም. ስንመለስ አስተናጋጃችን፥ የዘር አገዛዟ የወደቀው ያችው ደቡብ አፍሪካ ነበረች። የመጀመሪያው ጨዋታም ጥር 13 ቀን ዋለ፤ በ10 ተጫዋቾች ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያየን።