ሽቦው ቢበጠስ ማን ይቀጥለው?

በየካ ክፍለ ከተማ መገናኛ አካባቢ ከሚገኙት የስልክ ጥገና ሱቆች በአንዱ ተራዬን ስጠብቅ፣ አንዲት እናት «የሞላሁት ካርድ ሳልደውልበት ያልቃል» ሲሉ ሰማሁ። ጠጋኙም «ፎርማት እናድርገዋ፣ እማማ» አላቸው። የእኚያ እናት ቀፎ የማን ሥሪት እንደሆነ አላየሁም፤ አቤቱታቸው ግን ወደ ታሪክ መለሰኝ።

ዐፄ ምኒልክ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የሚዘልቀውን 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ያስጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1894 ነበር። ምሰሶውም ሽቦውም የመንግሥት ስለነበረ፣ ሽቦው ሲበጠስ ማን እንደሚቀጥለው አያከራክርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የሞባይል አገልግሎት ሲጀመር መስመሩ የቴሌ ሆኖ ቀጠለ፤ ቀፎው ደግሞ የገዢው ሆነ። በቀፎው ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ክፍተት ቢገኝበት ግን ኃላፊነቱ የማን ነው?

ይህ ጥያቄ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አፍጥጦ መጣ። በኢትዮጵያ፣ በካሜሩን፣ በግብፅ፣ በጋናና በደቡብ አፍሪካ በተሸጡ 53 ሺህ ያህል የቴክኖ ቀፎዎች ላይ፣ ባለቤቶቹን ሳያውቁት ለክፍያ አገልግሎቶች የሚያስመዘግብ አጥፊ ሶፍትዌር መገኘቱን ሴኪዩር-ዲ የተባለ የማጭበርበር መከላከያ አገልግሎት ይፋ አደረገ። ትሪያዳ የተባለው ይኸው ሶፍትዌር ኤክስሄልፐር የተሰኘ ሌላ ይጭናል፤ እርሱም ቀፎው ፎርማት ቢደረግ እንኳ ተመልሶ ይመጣል። አምራቹ ትራንሽን ጥፋቱ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ የአንድ አቅራቢ ነው አለ። ቴክኖ በበኩሉ ችግሩ የቆየ መሆኑንና መጠገኛውም እ.ኤ.አ. በማርች 2018 መለቀቁን ገለጸ። እንግዲህ መጠገኛው ነበረ፤ ነገር ግን ባለቀፎው ራሱ አውርዶ እንዲጭነው ይጠበቅ ነበር። መኖሩን ያልሰማ ሰው ምኑን ያወርዳል?

መንግሥትስ? በመስከረም 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ኮንትሮባንድንና ስርቆትን ለመግታት የየቀፎውን መለያ ቁጥር መመዝገብ ጀምሮ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀፎ ለይቶ የማወቅ አቅም አልጠፋም። ቀረጡን የጠየቀ ሥርዓት ጤንነቱን አልጠየቀም እንጂ።

«ርካሽ የገዛ ምን ይጠብቃል?» የሚሉ አይጠፉም። ለእኔ ግን ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ገዢው የከፈለው ለስልክ እንጂ ኪሱን ለሚያወልቅ ሌባ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ ለገበያ የሚቀርቡ ስማርት ስልኮች፣ ሽያጫቸው ካበቃ በኋላም ቢያንስ ለ5 ዓመታት የሶፍትዌር ማሻሻያ እንዲያገኙ ደንግጓል። እኛም በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለን። ቢያንስ እያንዳንዱ ቀፎ እስከ መቼ እንደሚጠገን በካርቶኑ ላይ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን እንዲጻፍ ማስገደድ ይገባል።

ይህ እስኪሆን ድረስ የአምራቹን፣ የአስመጪውንና የተቆጣጣሪውን ዕዳ የሚከፍሉት፣ ካርድ በሞሉ ቁጥር፣ እኚያ እናት ናቸው።