ሰጋቱራውን እንጂ አቧራውን ያላየ ማሽን

‹‹ሰጋቱራ›› የሚለውን ቃል ከጣልያንኛ ነው የወረስነው፤ እንደ ‹‹ኮላ›› እና እንደ ‹‹ኮምፔርሳቶ›› ሁሉ። ከመጋዙ ሥር መሬት ላይ ለሚከመረው ነገር የራሱ ስም አለው ማለት ነው። አየር ላይ ተንሳፎ ለሚቀረው፣ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ብቻ ብልጭ ብሎ ለሚታየው ግን የተለየ ስም አላወጣንለትም። ከመንገዱ ጋር ደባልቀን ‹‹አቧራ›› እንለውና እናልፈዋለን። ይህ የእኛ ቋንቋ ጉድለት ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። አቧራ እንዲስቡ የተሠሩት ማሽኖች ራሳቸው ለመቶ ዓመት ያህል ያዩት የመሬቱን ክምር ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ሰበብ ቀላል ነው። ከጓደኞቻችን መካከል በግቢያቸው ሰርቪስ ክፍል ወይም በቆርቆሮ ጥላ ሥር የራሳቸውን የእንጨት ሥራ የጀመሩ ጥቂት አይደሉም። ጠረጴዛ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ የሕፃን አልጋ ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹም ይሸጣሉ። መጋዙንና መላጊያውን ሳያቅማሙ ይገዙና አቧራ መሳቢያው ላይ ሲደርሱ ግራ ይጋባሉ። ትልቁ ይሻላል ትንሹ? ከረጢት ያለው ወይስ ሳይክሎን? እኛ አናጢዎች አይደለንም፤ ጋዜጠኝነት ያጠናን ልጆች ነን። ስለዚህ የምናውቀውን መንገድ ያዝን፦ ማሽኑ ከየት መጣ? ለምን ተሠራ? ማንን ለማዳን? (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መልሱ ትንሽ አስደንግጦናል። ማሽኑን ደረጃ በደረጃ ካሳደጉት ሰዎች ውስጥ የአናጢውን ሳንባ አስቦ የተነሳ ማግኘት ከባድ ነው። ያን ጊዜ አይታወቅም ነበር እንዳንል ደግሞ ጣልያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ስለ ሠራተኞች በሽታ የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1700 ነው። ሐኪሞች በሽተኛ ሲመረምሩ ‹‹ሥራህ ምንድን ነው?›› ብለው እንዲጠይቁ የመከረ ሰው ነው፤ እህል የሚያበጥሩና ዱቄት የሚፈጩ ሰዎችን ሕመም ከሚተነፍሱት ብናኝ ጋር አያይዞ ጽፎታል። መጽሐፉ ተነበበ፣ ተመሰገነ። ፋብሪካው አቧራ መሳብ የጀመረው ግን በሌላ ምክንያት ነው።

አንዱ ምክንያት ማገዶ ነበር። በ1860ዎቹ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ስተርተቫንት የሚባል፣ ከሜይን የመጣ ጫማ ሠሪ ቦስተን ውስጥ የፋብሪካ ማራገቢያ ሠርቶ መሸጥ ጀመረ። እንዲህ ያለው ማራገቢያ ወደ እንጨት መላጊያ ቤቶች ሲገባ ዋና ሥራው ፍቅፋቂውን በቧንቧ ስቦ የእንፋሎት ሞተሩ ምድጃ ውስጥ መጨመር ሆነ። ነፃ ማገዶ! ፍቅፋቂው ወለሉን ካጨናነቀ ሥራ ይቆማል፤ ምድጃ ከገባ ግን ሥራ ያንቀሳቅሳል። ባለ ፋብሪካው ሒሳቡ ወዲያው ገብቶታል። ደቃቁ ብናኝ ደግሞ ምድጃ አይሞላም፣ አይሸጥም፣ እግር አያደናቅፍም። ማን ይቆጥረዋል?

ሁለተኛው ምክንያት በአንድ ምሽት መጣ። ሜይ 2 ቀን 1878 አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ ‹‹ዋሽበርን ኤ›› የተባለው ግዙፍ የዱቄት ፋብሪካ ፈነዳ። 18 ሰዎች ሞቱ፤ እሳቱም አጠገቡ ወደነበሩት ወፍጮዎች ተዛመተ። ባሩድ አልነበረም፤ ዱቄት ነው የፈነዳው። አየር ላይ ጥቅጥቅ ብሎ የተንሳፈፈ ዱቄት ብልጭታ ካገኘ እንደ ባሩድ ነው። ፋብሪካው በ1880 እንደገና ሲገነባ ብናኝ የሚስብ ሥርዓት ተገጠመለት። በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ ላይ ደግሞ እዚያው አሜሪካ ውስጥ ሳይክሎን ብቅ አለ።

ሳይክሎንን ያላየ ካለ፦ ከላይ ሰፊ፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ የቆርቆሮ ቀንድ ማለት ነው። አቧራ የተሸከመው አየር በጎን ይገባና ግድግዳውን ተከትሎ እንደ አውሎ ነፋስ ይሽከረከራል። ከባዱ ነገር ወደ ግድግዳው ተገፍቶ እየተንሸራተተ ወደ ታች ይወርዳል፤ አየሩ በመካከል በኩል ወደ ላይ ይወጣል። የሚሽከረከር ብረት የለውም፣ የሚደፈን ጨርቅ የለውም። እውነቱን ለመናገር በጣም የሚያምር ሐሳብ ነው። ከወፍጮ ቤት ወደ እንጨት መሰንጠቂያ ለመሻገርም ጊዜ አልፈጀበትም። ጣጣው አንድ ነው፦ በመሽከርከር የሚለየው ክብደት ያለውን ነው። በጣም የደቀቀው ከአየሩ ጋር አብሮ ይወጣል። ለእሳት ማስወገጃ ይህ ብዙም አያሳስብም ነበር፤ ያመለጠው ተበትኖ ይሄዳላ። ለሚተነፍስ ሰው ግን ያመለጠው ነው ጉዳዩ።

በጨርቅ ማጣራትን ከሁሉ በተሻለ ያስረዳን አናጢ ሳይሆን የድልድይ መሐንዲስ ነው። እንግሊዛዊው ሁበርት ሴሲል ቡዝ በ1901 ለንደን ውስጥ አቧራን በነፋስ እየገፋ የሚያባርር ማሽን ያይና ‹‹ለምን አይስበውም?›› ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ምግብ ቤት ገብቶ መሐረቡን ወንበር ላይ ያነጥፍና በአፉ ይስባል። ትን አለው፤ የመሐረቡ የታችኛው ገጽ ግን ጠቁሮ ነበር። የቤት አቧራ መምጠጫ (ቫኪዩም ክሊነር) ታሪክ ከዚያ መሐረብ ይጀምራል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ጄምስ ዳይሰን የእንጨት መሰንጠቂያውን ሳይክሎን አሳንሶ የቤት መምጠጫ ለመሥራት 5,127 ናሙናዎች አስፈልገውታል። ምንጣፍ የታደለ ነው፤ ለአናጢው እንዲህ የደከመ አልነበረም።

አናጢው የተቆጠረው ሃይ ዊኮም ላይ ነው። ከለንደን በስተሰሜን ምዕራብ ያለች የወንበር ከተማ ናት። ዙሪያዋ የቢች ዛፍ ጫካ፣ ውስጧ የቤት ዕቃ ፋብሪካ። በ1960ዎቹ እዚያ የምትሠራው የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ቀዶ ሐኪም ኤስሚ ሃድፊልድ አንድ ነገር አስተዋለች። እጅግ ብርቅ የሆነ የአፍንጫ ውስጥ ካንሰር ይዟቸው የሚመጡት ሰዎች በተደጋጋሚ የቤት ዕቃ ሠሪዎች ናቸው። ኦክስፎርድ ካለው ባልደረባዋ ማክቤዝና በኋላ የእንግሊዝ ዋና የሕክምና ኃላፊ ከሆነው ከዶናልድ አቼሰን ጋር ሆነው መዝገብ አገላበጡ። ውጤቱ በ1968 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ወጣ። በሽታው በቤት ዕቃ ሠሪዎቹ ላይ ከሌላው ሕዝብ በመቶዎች እጥፍ ይበልጥ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የራማዚኒ ጥያቄ ከ260 ዓመት በኋላ መልስ ያገኘው በዚህ ቦታ ነውና። ‹‹ቬርኒሹ ይሆናል፣ ኮላው ይሆናል›› የሚል ጥርጣሬ መነሳቱ አይቀርም። ነገር ግን የታመሙት ቀለም ቀቢዎቹ አልነበሩም፤ እንጨቱን በማሽን የሚቆርጡት፣ የሚያስተካክሉትና የሚገጣጥሙት ነበሩ። ጥፋተኛው ራሱ እንጨቱ ነው። በሽታው ደግሞ ቶሎ አይገለጥም፤ ከመጀመሪያው የሥራ ቀን እስከ ምርመራው ድረስ አሥርት ዓመታት ያልፋሉ። በሃያ ዓመቱ ወንበር መላግ የጀመረ ልጅ ነገሩን የሚሰማው ሽማግሌ ሲሆን ነው። በዚህ መካከል ማን ማንን ይከሳል?

እንግሊዝ በሽታውን በ1969 የሥራ በሽታ አድርጋ ተቀበለች። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት አቧራን በ1995 በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ አስገባው። አውሮፓ በ1999 የጠንካራ እንጨት አቧራ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ደነገገ፤ በ2017 ወደ 2 ለማውረድ ተወስኖ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ። ሁለት ሚሊ ግራም ምን ያህል ነው? በሁለት ጣት የምትነሳ የጨው ቁንጥጫ ከዚያ በብዙ እጥፍ ትከብዳለች። አሜሪካ ደግሞ በ1989 5 ሚሊ ግራም ብላ ደንግጋ ነበር፤ በ1992 ፍርድ ቤት ደንቡን ከሌሎች ብዙ ደንቦች ጋር ሻረውና የእንጨት አቧራ እንደ ማንኛውም አቧራ ወደ 15 ተመለሰ። እኛም አገር ጉዳዩ ሩቅ አይደለም፤ በ2019 የታተመ፣ በቺፑድ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት የመተንፈሻ አካል ሕመም ምልክቶች በብዛት እንደሚታዩባቸው አሳይቷል።

እነዚህ ሁሉ ግን ለፋብሪካ የወጡ ሕጎች ናቸው። ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ተቆጣጣሪ አይመጣም፤ የሚለካ ሰው የለም። ለቤት አናጢ የቀረበውም ማሽን የፋብሪካው ታናሽ ወንድም ነው። ከታይዋን እየተጫነ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካን ጋራዦች የሞላው ባለ ሁለት ከረጢት ማሽን ማራገቢያው የሳበውን ሁሉ ወደ ታችኛው ከረጢት ይተፋል፣ አየሩን በላይኛው ጨርቅ በኩል ያወጣል። ከብዙዎቹ ጋር የሚሸጠው ጨርቅ የሚይዘው 30 ማይክሮንና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ወደ ሳንባ የሚወርደው ብናኝ ከ10 በታች ነው። እንግዲህ ማሽኑ ወለሉን አጽድቶ፣ የማይታየውን ከመሬት አንስቶ፣ በአፍንጫችን ከፍታ ላይ ይረጨዋል ማለት ነው። ወለሉ ንጹሕ ስለሆነ ሰውየው ማስኩን ያወልቃል!

ወደ ጓደኞቻችን ጥያቄ እንመለስ። ታሪኩ የሚለን ማሽኑን በከረጢቱ ትልቅነት አትምረጡት ነው። መታየት ያለበት ከመጋዙ አፍ ምን ያህል አየር ይስባል፣ ከዚያስ ምን ያመልጠዋል የሚለው ነው። በመጀመሪያ ግን ሁለቱን ዘሮች አታምታቱ። ቀጭን ጎማ ያለው መምጠጫ በኃይል ይስባል፣ የሚስበው አየር ግን ጥቂት ነው፤ ለእጅ ማለስለሻ ማሽን ተስማሚ ነው። ለመላጊያና ለጠረጴዛ መጋዝ የሚያስፈልገው ብዙ አየር በሰፊ ቧንቧ የሚስበው ነው። ቀጭኑን ገዝቶ መላጊያ ላይ የገጠመ በአንድ ቀን ይማረራል። ከአውሮፓ የመጣ መምጠጫ ከሆነ ደግሞ ፊደሉን እዩ፤ ለእንጨት አቧራ ‹‹ኤም›› የሚል ምልክት ያለው ነው የሚፈለገው፤ ከተሳበው አቧራ ከሺህ አንድ እጅ በላይ አያሳልፍም።

ማሽኑ ላይ የተጻፈው የአየር መጠን ቧንቧም ፊልትሮም ሳይገጠም የተለካ ሊሆን ይችላል፤ ሥራ ላይ ሲውል በብዙ ይወርዳል። የድሮው የአሜሪካኖች መመሪያ ለአንድ የጠረጴዛ መጋዝ በደቂቃ 350 ኪዩቢክ ጫማ ገደማ ይበቃል ይል ነበር። ለሰጋቱራ በእርግጥ ይበቃል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ግን ራሳቸው የታመሙ የቤት አናጢዎች ጭምር ‹‹ደቃቁን ለመያዝ ወደ 1,000 ያስፈልጋል›› እያሉ መሞገት ጀመሩ፤ እኛም ክርክሩ የእነሱ ይመስለናል። ለዚህ ደግሞ ቧንቧው ወሳኝ ነው። የ15 ሳንቲ ሜትር ቧንቧ አፍ ከ10 ሳንቲ ሜትሩ በ2.25 እጥፍ ይሰፋል፤ ርዝመት፣ መታጠፊያና የተሸበሸበ ጎማ ሁሉ አየር ይበላሉ። ማሽኑን መጋዙ አጠገብ ማስቀመጥ ሌላ ሞተር ከመግዛት ይረክሳል።

ዘመድ ከአሜሪካ በኮንቴይነር ሊልክላችሁ ከሆነ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት። የእነሱ መብራት 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 50። ቮልቱ ቢስተካከል እንኳ ያው ማራገቢያ እዚህ በስድስተኛ ያህል ዝግ ብሎ ይዞራል፤ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ የመሳብ ግፊቱም በሲሶ ገደማ ይወርዳል። የተጻፈበትን ቁጥር አምኖ የገዛ የሚያገኘው ሌላ ማሽን ነው።

ፊልትሮስ? አሜሪካኖቹ በዚህ ብዙ የሚጨነቁት ክረምታቸው ብርድ ስለሆነ ነው፤ አየሩን ወደ ውጭ ካስወጡት የከፈሉበት ሙቀት አብሮ ይወጣል። አዲስ አበባ ቤቱን የሚያሞቅ ስንቱ ነው? ስለዚህ ለእኛ ውድ ፊልትሮ ከመግዛት በፊት ሳይክሎን አድርጎ አየሩን በቧንቧ ወደ ውጭ ማውጣት ሊታሰብ ይገባዋል፤ የጎረቤት የልብስ ማስጫ እዚያ በኩል ካልሆነ። ግቢው የማይመች ከሆነ ግን ከ30 ማይክሮኑ ጨርቅ ይልቅ እስከ 1 ማይክሮን የሚይዘውን ፈልጉ። ፍንዳታን የምትፈሩ ደግሞ ረጋ በሉ፤ ለፍንዳታ በአንድ ሜትር ኩብ በአሥሮች የሚቆጠር ግራም ብናኝ ይፈልጋል፤ በዚያ ደመና ውስጥ ማን ቆሞ ይሠራል? የቤቱ እሳት የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ምስማር መትቶ በተሳበ ፍም ነው።

መጋዙ ሲጠፋ መሳቢያውን አብራችሁ አታጥፉት፤ ደቃቁ ለሰዓታት ይንሳፈፋል። ከ2020 ወዲህ በየቤቱ የተረፈው ኤን 95 ማስክም ይኸው ሥራ አገኘ። ከሁሉ የከፋው አቧራ የሚነሳው ከረጢቱ ሲራገፍ ነውና ያን ጊዜ በተለይ አድርጉት። ሰጋቱራውን የዶሮ ጉዝጓዝ ብላችሁ ለጎረቤት ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ከምን እንደመጣ ለዩ። የዋንዛና የጽዱ አንድ ነገር ነው፤ የኤምዲኤፉና የቺፑዱ ግን ግማሽ ኮላ ነው ቢባል ማጋነን ቢሆንም ኮላ አለበት፤ ከዶሮም ከምድጃም ይራቅ።