ስለ ሚኒ ኩፐር የፊት ፍሬን አጭር የታሪክ ጥናት

ስለ አውቶሞቢል ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚተርኩት ስለ ሞተር ጕልበትና ስለ ፍጥነት ነው። ስለ ፍሬን የሚነገረው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሰው የሚያደንቀው መሮጥን እንጂ መቆምን አይደለምና። ነገር ግን አንድ መኪና ምን ያህል ሊሮጥ እንደሚገባው የሚወስነው በምን ያህል ርቀት ውስጥ ለመቆም መቻሉ ስለሆነ፣ የፍጥነት ታሪክ ያለ ፍሬን ታሪክ ጎደሎ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው በእንግሊዝ አገር የተሠራው ሚኒ ኩፐር የተባለው ትንሽ መኪና የፊት ፍሬኑ እንዴት እንደ ተሻሻለና ማሻሻያውም ለማን መቼ እንደ ደረሰ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

በ1956 ዓ.ም. በስዊዝ ቦይ ምክንያት በተነሣው ጠብ በእንግሊዝ አገር ቤንዚን ስላነሰ፣ ጥቂት ነዳጅ የምትፈጅ ትንሽ መኪና እንድትሠራ ታሰበ። ንድፉን ያወጣው ሰር አሌክ ኢሲጎኒስ ሲሆን፣ ሚኒ በ1959 ዓ.ም. ለገበያ ቀረበች። ኢሲጎኒስ ሞተሩን አግድም አስቀምጦ ኀይሉን ወደ ፊት እግሮች አስተላለፈ፤ ለሰውና ለዕቃ ቦታ እንዲተርፍም ቸርኬውን ወደ 10 ኢንች አሳነሰው። ከዚህ የተነሣ ፍሬኑ ከዚያች ጠባብ ቸርኬ ውስጥ መግባት ግድ ሆነበት። የመጀመሪያይቱ ሚኒ ሞተር 848 ሲሲ፣ ጕልበቱም 34 ፈረስ ስለ ነበረ፣ በአራቱም እግሮች የተገጠመው ባለ ታምቡር ፍሬን ለጊዜው በቂ መስሎ ታየ።

የታምቡር ፍሬን አሠራር ቀላል ነው። ከእግሩ ጋር በሚዞር ከበሮ መሳይ ብረት ውስጥ ሁለት ሸራዎች ተቀምጠው፣ ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ በዘይት ግፊት ወደ ውጭ ተገፍተው ከብረቱ ጋር ይፋተጋሉ። ጕድለቱም ከዚሁ ይመነጫል። ፍትጊያው ሙቀትን ይወልዳል፤ ሙቀቱም በታምቡሩ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋም ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ራሱ ሲግል የመያዝ ኀይሉ ይደክማል። ስለዚህ ረዥም ቁልቁለት የሚወርድ ነጂ ፍሬኑን ደጋግሞ በያዘ ቍጥር ፍሬኑ እየከዳው ይሄዳል። ሸክሙም የሚበዛው በፊት እግሮች ላይ ነው፤ መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ያዘነብላልና። በሚኒ ደግሞ ሞተሩና ማርሹ አስቀድሞ በፊት በኩል ተከማችተዋል።

ለዚህ ችግር መድኀኒቱ አዲስ አልነበረም። ፍሬድሪክ ላንቸስተር የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ የዲስክ ፍሬንን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1902 ዓ.ም. ነበር። በዲስክ ፍሬን ሸራዎቹ አንድን ክብ ብረት ከግራና ከቀኝ እንደ ጉጠት ይቆነጥጡታል፤ ዲስኩም በአብዛኛው ለነፋስ የተጋለጠ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል። ይሁን እንጂ ጥቅሙ ለዓለም ሁሉ የተገለጠው በ1953 ዓ.ም. የደንሎፕ ዲስክ ፍሬን የተገጠመለት ጃጓር በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ባሸነፈ ጊዜ ነው።

ወደ ሚኒ እንመለስ። በ1959 እና በ1960 ዓ.ም. መኪኖቹ የፎርሙላ 1ን የሠሪዎች ሻምፒዮናነት ያገኙለት ጆን ኩፐር፣ ከሚኒ ፈጣን መኪና ሊወጣ እንደሚችል አይቶ የቢ.ኤም.ሲን ሹሞች አሳመነ። በ1961 ዓ.ም. የወጣው ሚኒ ኩፐር ሞተሩ 997 ሲሲ፣ ጕልበቱ 55 ፈረስ ሆነ። የመኪናው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት ከ116 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ 137 ገደማ ከፍ አለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናስተውል ይገባል። ፍሬን ወደ ሙቀት የሚለውጠው የእንቅስቃሴ ኀይል የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ በ18 በመቶ ሲጨምር፣ መኪናውን ከዚያ ፍጥነት ለማቆም ፍሬኑ የሚሸከመው ሙቀት በ40 በመቶ ያህል ይጨምራል።

ኩፐርም ይህን ተገንዝቦ ከሎክሂድ ኩባንያ የተሠራ 7 ኢንች ስፋት ያለው ዲስክ በፊት እግሮች ላይ እንዲገጠም አደረገ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ መጠኑ ግን አነሰ። ዲስኩ ቀጭን፣ ሸራዎቹም ትንንሾች ነበሩ። በተጨማሪም ታምቡር ሲዞር አንደኛውን ሸራ ራሱ እየሳበ ነጂውን ሲያግዝ፣ ዲስክ እንዲህ ያለ እገዛ ስለማይሰጥ ነጂው ፔዳሉን በርትቶ መርገጥ ነበረበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ የ1961ዱ ፍሬን ለፈጣን ነጂዎች የሚበቃ ሆኖ አልተገኘም።

እውነተኛው ማሻሻያ የመጣው በ1963 ዓ.ም. ከኩፐር ኤስ ጋር ነው። ሞተሩ 1071 ሲሲ፣ ጕልበቱ 70 ፈረስ ሲሆን፣ የፊቱ ዲስክ ወደ 7 ኢንች ተኩል ሰፋ፤ ውፍረትም ተጨመረለት፤ ሸራዎቹም ተለቁ። የነጂውን እግር የሚያግዝ፣ በሞተሩ የአየር ስበት የሚሠራ ሰርቮ ተገጠመ፤ ነፋስ እንዲገባም ቸርኬዎቹ ቀዳዳ ተበጀላቸው። የግማሽ ኢንች ጭማሪ ለሰሚው ኢምንት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በ10 ኢንች ቸርኬ ውስጥ ግማሽ ኢንች ብዙ ነው። የኋላው ፍሬን ግን ታምቡር እንደ ሆነ ቀረ፤ ክብደት የሚቀልለት እግር ብርቱ ፍሬን ቢሰጠው ተቆልፎ መኪናውን ያሽከረክረዋልና።

በጥር 1964 ዓ.ም. ፓዲ ሆፕከርክ በዚሁ መኪና የሞንቴ ካርሎን ራሊ አሸነፈ። በ1965 ቲሞ ማኪነን፣ በ1967 ራውኖ አልቶነን ድሉን ደገሙት። ድሉ ሁሉ የፍሬን ሥራ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ የፊት እግሮች መንዳትም በበረዶ ላይ ታላቅ ረድኤት ነበረው። ነገር ግን በተራራ መንገድ ላይ ዘግይቶ ፍሬን ለመያዝ የማይደፍር ነጂ፣ ሞተሩ ቢበረታ እንኳ ያን ብርታት ሊጠቀምበት አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። ይህ ጥቅም ለተራው ገዥ መቼ ደረሰ? በ1964 ዓ.ም. ለተራዪቱ ሚኒ የተሰጣት፣ ሁለቱም የፊት ሸራዎች በታምቡሩ ዙር የሚታገዙበት የተሻለ ታምቡር ብቻ ነበር። በ1969 ዓ.ም. የወጣው 1275 ጂ.ቲ. ዲስክ ቢኖረውም፣ እርሱም ፈጣን ለሚሹ የተሠራ ነበር። የርካሹ ሚኒ የፊት እግር ዲስክ ያገኘው ቸርኬው ወደ 12 ኢንች ባደገበት በ1984 ዓ.ም. ነው። ከ1961 ዓ.ም. ሲቈጠር 23 ዓመት መሆኑ ነው።

የውድድር ሜዳ የሕዝብ መኪና ትምህርት ቤት ነው የሚለው አባባል ስለዚህ ግማሽ እውነት ነው። ትምህርቱ በሁለት ዓመት ተጠናቀቀ፤ ለተራው ተማሪ የደረሰው ግን ከአንድ ትውልድ በኋላ ነው። ቀስ ብላ የምትሄደው መኪናም ልጆችን ጭና ቁልቁለት ትወርዳለች፤ ድንገት መቆምም ያስፈልጋታል። የመሣሪያን ታሪክ የምናጠና ሁሉ፣ አንድ ፈጠራ መቼ ተገኘ ብለን በጠየቅን ቍጥር ለሁሉስ መቼ ደረሰ ብለን ጨምረን ልንጠይቅ ይገባናል።