ዘሩ በውል፣ ዱቄቱ በሌላ በር

ከብቸና ወደ ሞጣ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ አንባቢ ደብረ ወርቅን ያውቃታል። በእናርጅ እናውጋ ወረዳ የምትገኘው ይህች ጥንታዊት ከተማ በማርያም ገዳሟ የታወቀች ስትሆን፣ የዙሪያዋ ገበሬ ኑሮውን ከሚገፋባቸው አዝመራዎች አንዱና የከበረው ጤፍ ነው። ይህ ጸሐፊ ስለ ጤፍ አፈጫጨት የዶክትሬት ጥናት ለማካሄድ በማሰብ፣ ከዚያው አካባቢ ናሙና ለመውሰድ ዐቅዶ፣ የገንዘብ ድጋፍ እንዲሰጠው ወደ ውጭ አገር ማመልከቻ ልኮ ነበር። የመጣለት ቅጽ ከጥናቱ ይልቅ ስለ አጥኚው አብዝቶ የሚጠይቅ ሆኖ አገኘው። ከዚህ በፊት ገንዘብ የሰጠዎ ማን ነው? ከየትኛው መሥሪያ ቤት ጋር ግንኙነት አለዎ? የሚሰበስቡት መረጃ የት ይቀመጣል? ከእርስዎ ሌላ ማን ያየዋል?

እንዲህ ያለው ጥያቄ ለብዙዎቻችን እንደ ጥርጣሬ ይሰማናል። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ እየሰፋ የመጣ አሠራር ነው። ብሪታንያ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በአንዳንድ የምሕንድስናና የሳይንስ ዘርፎች ለከፍተኛ ጥናት የሚመጡ የብዙ አገሮች ዜጎች አስቀድመው የመንግሥት የይሁንታ ወረቀት እንዲያገኙ ታዛለች። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤትም በግንቦት 2016 ዓ.ም. አባል አገሮች የምርምርን ደኅንነት እንዲያጠናክሩ የውሳኔ ሐሳብ አውጥቷል። ፍርሃታቸው ግልጽ ነው፤ ዕውቀታቸው በተማሪ ሻንጣ ተይዞ እንዳይወጣ ነው።

ነገር ግን ዕውቀት የሚወጣው ከእነርሱ ዘንድ ብቻ ነውን? የጤፍ ታሪክ የሚያስተምረን ሌላ ነው።

በመጋቢት 27 ቀን 1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የብዝኀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የግብርና ምርምር ድርጅት ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ አጠቃቀም የዐሥር ዓመት ውል ተዋዋሉ። ውሉ በጊዜው ለሌሎች አገሮች ምሳሌ ይሆናል የተባለለት ነበር። ኩባንያው በጤፍ የጄኔቲክ ሀብት ላይ የባለቤትነት መብት እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ ከሚገኘው ጥቅምም ለኢትዮጵያ ድርሻ ይመድባል። ሆኖም ውሉ ከመፈረሙ በፊት፣ በሐምሌ 1995 ዓ.ም.፣ በኔዘርላንድ ስለ ጤፍ ዱቄት አሠራር የፈጠራ መብት ማመልከቻ ገብቶ ነበር። የአውሮፓ የፈጠራ መብት ጽሕፈት ቤትም በጥር 1999 ዓ.ም. መብቱን ሰጠ። ዘሩ በውል ሲጠበቅ ዱቄቱ አስቀድሞ በሌላ በር ወጥቶ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ኩባንያው በ2001 ዓ.ም. ከሰረ፤ የፈጠራ መብቱ ግን በሌሎች እጅ ቀረ። ለኢትዮጵያ ደረሰ የተባለው ገንዘብ 4,000 ዩሮ ገደማ ነው። በመጨረሻም በኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. በሄግ የሚገኘው ፍርድ ቤት መብቱ በኔዘርላንድ ዋጋ እንደሌለው ፈረደ፤ ምክንያቱም የፈጠራ ደረጃ የለውም የሚል ነበር። ፍርዱ የተገኘው ኢትዮጵያ ከስሳ ሳይሆን፣ ሁለት የኔዘርላንድ ድርጅቶች እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ መሆኑን ልብ ይሏል።

አገራችን በየካቲት 1998 ዓ.ም. ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482/1998ን አውጥታለች። በአዋጁ መሠረት ያለ ፈቃድ ናሙና ወደ ውጭ ማውጣት አይቻልም፤ የማኅበረሰብን ዕውቀት ለማግኘትም የማኅበረሰቡ ስምምነት አስቀድሞ ያስፈልጋል፤ ምርምሩም በተቻለ መጠን በአገር ውስጥ፣ ኢትዮጵያውያን ተካፍለውበት እንዲካሄድ ይጠይቃል። ስለዚህ የደኅንነት ጥያቄ ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። የእኛም ሕግ ይጠይቃል።

ለዶክትሬት የሚያመለክት የሙያ ባልደረባ እንግዲህ ሁለት ቅጽ እንዳለበት ይወቅ። አንደኛውን ለገንዘብ ሰጪው በእውነት ይሙላ፤ የተቀበለውን ገንዘብና ያለውን ግንኙነት ሳይደብቅ ይግለጽ። ሁለተኛውን ግን ራሱ ለገንዘብ ሰጪው ያቅርብ። ናሙናው ለምን ሥራ ብቻ ይውላል? ከጥናቱ የሚወለደው አሠራር፣ መሣሪያና የፈጠራ መብት የማን ይሆናል? ውጤቱስ ለገበሬው በምን ይመለሳል? ይህ በጽሑፍ ሳይሰፍር፣ ፈቃዱም ሳይገኝ ናሙና አይንቀሳቀስ። ለዘሩ ብቻ ሳይሆን፣ የእኛ የመሐንዲሶች ድርሻ ለሆነው ለአፈጫጨቱም ጭምር ውል ይኑር።

ይህ ጸሐፊ ቅጹ ከመጣለት በኋላ ወደ ደብረ ወርቅ ወርዶ ስለ ናሙናው ሲጠይቅ፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ እንዲህ አሉት፦ «መስጠቱንስ እንሰጥሃለን፣ ልጄ። ዳሩ ግን ወዴት ልትወስደው ነው? ከማንስ ዘንድ ያድራል?» ከባሕር ማዶ በመጣው ቅጽ ተቀይሞ የነበረው አመልካች ያንኑ ጥያቄ ከባለቤቱ አንደበት ሰማ። ለቅጹ መልስ ነበረው፤ ለሽማግሌው ግን ገና አልነበረውም። ማመልከቻውን አስመልሶ እንደ ገና የጻፈው ስለዚህ ነው።