ከተማ በምን ሚዛን ይመረጣል? ቢቸና፣ ሞጣና የሥልጣኔ ግንባታ ጨዋታ

ከተማ የሚለው ቃል ከተመ ከሚለው ግስ ጋር የተያያዘ ነው። ከተመ ማለት ሰፈረ፣ ጉዞውን አቁሞ መቀመጫውን አበጀ ማለት ነው። በቀድሞው ዘመን ከተማ ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው የንጉሡ ሰፈር ነበር እንጂ በግንብ የታጠረ፣ መንገዱ በድንጋይ የተነጠፈ፣ ዘላለም በአንድ ቦታ የሚኖር ሕዝብ መሰብሰቢያ አልነበረም። ይህ የቃሉ ታሪክ ለቋንቋ ተመራማሪ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በዓለም ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በሚጫወቱት የኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ የኢትዮጵያ ከተሞች እየተመረጡ ሲገቡ፣ መራጩ ከተማ የሚለውን ቃል በምን ትርጉም እንደያዘው መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።

ሲቪላይዜሽን የተባለው ጨዋታ በሲድ ሜየርና በባልደረቦቹ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ ለገበያ ቀረበ። ተጫዋቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4000 ዓመት ጀምሮ አንድን ሕዝብ እየመራ ከተማ ይቆረቁራል፤ መሬት ያለማል፤ ጥበብ ያስፋፋል፤ ይዋጋል፤ ይታረቃል። ለያንዳንዱ ሥልጣኔ የከተማ ስሞች ዝርዝር አስቀድሞ ተዘጋጅቶለታል። አብዛኛውን ጊዜ በዝርዝሩ አናት ላይ ያለው ስም ለዋናው ከተማ ይሰጣል፤ ሌሎቹ ተከትለው ይመጣሉ። ኢትዮጵያ በአምስተኛው እትም ተጨማሪ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2012 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መሪነት፣ በስድስተኛው እትም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 በዳግማዊ ምኒልክ መሪነት ገባች። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው ሰባተኛው እትም አክሱም ራሱን ችሎ ከጥንቱ ዘመን ሥልጣኔዎች አንዱ ሆኖ ቀረበ።

ጨዋታ ነውና ይለፍ የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ በውጭ አገር የተወለደ ኢትዮጵያዊ ወጣት የአንዳንድ ከተማዎችን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነበው በትምህርት ቤት ሳይሆን በዚህ ሰሌዳ ላይ ሊሆን ይችላል። ከዝርዝሩ የገባው ታሪክ ያለው፣ የቀረው ግን ታሪክ የሌለው መስሎ ይታየዋል። ስለዚህ የምርጫው ሚዛን የታሪክ ባለሙያውን ይመለከተዋል።

ተጓዡ መናገሻ

በጨዋታው ሕግ ከተማ አንድ ጊዜ ከተቆረቆረ ከቦታው አይነሣም። ሊያድግ፣ ሊማረክ ወይም ሊጠፋ ይችላል፤ ሊጓዝ ግን አይችልም። ይህ ሕግ ለሮምና ለአቴና ይስማማል። ለአክሱምም፣ ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ለቆረቆሩት ለጎንደርም አይከብድም። በሁለቱ መካከል ላለው ረጅም ዘመን ግን አይበቃም።

ከ13ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ በኋላ በነበሩት ዘመናት የኢትዮጵያ ነገሥታት አብዛኛውን ጊዜ የኖሩት በድንኳን ሰፈር ነው። ማገዶው ሲመናመን፣ የአካባቢው እህል ሲያልቅ፣ ግብር መሰብሰብ ወይም ሸፍቶ የተነሣን መኰንን ማስገበር ሲያስፈልግ ሰፈሩ ይነሣል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ደብረ ብርሃን ላይ ለብዙ ዓመታት መቀመጣቸው ከተለመደው ወጣ ያለ ሥራ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገሪቱ ቆይቶ ያየውን ሲተርክ ከ1,600 ቤት የሚበልጥ ከተማ እንደሌለ ጽፏል። ያው ጸሐፊ ግን የዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር በማናቸውም ሜዳ ላይ ሲያርፍ የንጉሡ ድንኳን፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ የግራና የቀኙ ሹማምንት፣ ዳኞቹና ገበያው እያንዳንዳቸው የታወቀ ቦታ እንደነበራቸው ይገልጻል። ቦታው ይለዋወጣል፤ የከተማው ሥርዓት ግን አይለወጥም ማለት ነው።

በጨዋታው አምስተኛ እትም ለኢትዮጵያ የተሰጠው ልዩ ወታደር መሃል ሰፋሪ መባሉ እዚህ ላይ ሊጠቀስ የሚገባው ነገር ነው። መሃል ሰፋሪ በሰፈሩ መካከል፣ በንጉሡ አጠገብ የሚሰፍረው ጦር ነው፤ ስሙን ያገኘው ከተጓዡ ሰፈር አቀማመጥ ነው። በጨዋታው ግን የዚህ ወታደር ኃይል የሚጨምረው ከማይንቀሳቀሰው ዋና ከተማ ሲቀርብ ነው። አዘጋጆቹ ወታደሩን ወሰዱ፤ ለስሙ ምክንያት የሆነውን ሰፈር ግን ተዉት። በዚያው እትም የዓድዋ መንፈስ የተባለው የኢትዮጵያ ልዩ ችሎታ፣ ብዙ ከተማ ካለው ጠላት ጋር ሲዋጉ ብልጫ የሚሰጥ ነው። ኢትዮጵያ በከተማ ቁጥር የምታንስ ሆና መታሰቧን ይህ ያሳያል። ጥያቄው ግን ከተማው በእርግጥ አነሰ ወይስ ሚዛኑ ሳያየው ቀረ የሚለው ነው።

ቢቸናና ሞጣ በሚዛን ላይ

ለዚህ ጥያቄ ምሥራቅ ጎጃም ጥሩ መፈተኛ ነው። ቢቸናና ሞጣ በቀድሞው የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር የአውራጃ ዋና ከተሞች ነበሩ። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወጣው መንገድ ያገናኛቸዋል። ዙሪያቸው ጤፍ የሚበቅልበት ደጋና ወይና ደጋ ነው፤ በስተምሥራቅና በስተሰሜን አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። ሁለቱም የንጉሠ ነገሥት መናገሻ ለመሆን አልበቁም። በጎጃም ውስጥ እንኳ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተቀመጡት በደብረ ማርቆስ ነው። ስለዚህ ዘውድ ብቻ ሚዛን ከሆነ ሁለቱም ከበሩ ይመለሳሉ።

ሐውልትና ሕንጻ ሚዛን ቢሆን ደግሞ ክብሩን የሚያገኘው ከሁለቱ ከተሞች ወጣ ብሎ ያለው መርጡለ ማርያም ነው። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በዚያ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን በጥርብ ድንጋይ የታነጸና በቅርጽ ያጌጠ እንደነበር ፍርስራሹ ይመሰክራል። እሌኒ በልብነ ድንግል የልጅነት ዘመን መንግሥቱን በእንደራሴነት የጠበቁ፣ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላኩ ሴት ናቸው። የውጭ ግንኙነቱን ያህል ታላቅ ሥራ የሠሩ እቴጌ ሀብታቸውን ያፈሰሱት በጎጃም ገጠር በአንድ ደብር ላይ ነው። ደብሩ ግን እንደ ጎንደር ያለ ከተማ አልነበረም።

ትምህርት ሚዛን ቢሆንስ? በቢቸና አካባቢ አቡነ ተከስተ ብርሃን የመሠረቱት ዲማ ጊዮርጊስና የደብረ ወርቅ ማርያም ከሩቅ አገር ሳይቀር ተማሪ የሚጎርፍባቸው የትምህርት ማእከሎች ነበሩ። የቤተ ክህነት ትምህርት በአንድ ከተማ ውስጥ በአንድ ግቢ አይጠቃለልም ነበር። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ለቅኔው ወደ ጎጃም፣ ለድጓው ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለአቋቋሙ ወደ ጎንደር ይሄድ ነበር። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ክፍሎች በብዙ ቀን መንገድ ተራርቀው ነበር ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ከዚህ ትምህርት የወጡት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር ዲማን የአማርኛ አንባቢ ሁሉ የሚያውቀው ስም አደረጉት። ደራሲው ታሪካቸው የሚፈጸምበትን ቦታ ሲመርጡ የተጠቀሙበት ሚዛን የሕዝብ ብዛት ወይም የግንብ ቁመት አልነበረም፤ በቦታው የሚኖረው ሕይወት ነው።

ንግድም እንዲሁ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከዓባይ ማዶ ከእናርያና ከሌሎች አገሮች የሚመጣው ወርቅ፣ ቡና፣ ዝባድና ባሪያ ከሰሜን በሚወርደው አሞሌ ጨውና ሸቀጥ የሚለወጠው በደቡብ ጎጃም በባሶ ገበያ ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአካባቢው ተቀምጦ ገበያውን አጥንቷል። ገበያው በሳምንቱ ቀን ብዙ ሕዝብ ይሰበስባል፤ ሲመሽ ይበተናል። በማግሥቱ ያለፈ መንገደኛ ሜዳ ብቻ ያያል። በጨዋታው ሰሌዳ ላይ ይህን የሚመስል ከተማ የለም።

የሞጣ ድርሻ በተለይ በመሻገሪያው ይታያል። ጎጃምን ከበጌምድር ጋር የሚያገናኘው፣ ከሞጣ በሚወርደው መንገድ የሚደረስበት የዓባይ ድልድይ በልማድ ከዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ጋር ተያይዞ ይነገራል። በኢጣልያ ወረራ ጊዜ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገር ከቅስቱ አንዱን ስለሰበሩት ሰባራ ድልድይ ተባለ። ከዚያ በኋላ ለአሠርት ዓመታት ሕዝቡ በክፍተቱ ላይ በተዘረጋ ገመድ፣ በዚህና በዚያ ወገን በቆሙ ሰዎች እየተሳበ ይሻገር ነበር። የዚህ መሻገሪያ ፎቶግራፍ በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ወጥቶ በዓለም ታየ፤ ድልድዩም ከዚያ በኋላ ተጠገነ። ሰዎች በገመድ እየተንጠለጠሉ ያላቋረጡት መንገድ ከተሞች እርስ በርስ ምን ያህል ይፈላለጉ እንደነበር ያስረዳል።

የሕዝብ ትግልም ሊረሳ አይገባም። በወረራው ዘመን በላይ ዘለቀ በቢቸና አካባቢ አርበኞችን መሩ፤ ከነጻነት በኋላ በደጃዝማችነት በቢቸና ተሾሙ፤ ከመንግሥት ጋር ተጣልተው በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጡ። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ የርስት መሬትን ለቅየሳና ለመንጠቅ በር ይከፍታል ብሎ የፈራው የጎጃም ገበሬ ሲነሣ፣ ሞጣ ከአመፁ ማእከሎች አንዱ ነበር። በመጨረሻም መንግሥት ጠቅላይ ገዥውን ከጎጃም አነሣ፤ የቆየውን የግብር ውዝፍም ተወ። የአውራጃው ከተማ ለገበሬው የመንግሥት ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ነበር፤ ስለዚህም የሁለቱ ትግል በዚያ ታየ።

የተከፋፈለ ከተማ

ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ሲደመሩ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። በሌላ አገር በአንድ ቅጥር ውስጥ የሚገኙት የከተማ ሥራዎች በምሥራቅ ጎጃም ለብዙ ቦታዎች ተከፋፍለው ነበር። አስተዳደሩ በቢቸናና በሞጣ፣ ትምህርቱ በዲማና በደብረ ወርቅ፣ ታላቁ ሕንጻ በመርጡለ ማርያም፣ ታላቁ የንግድ ቦታ በባሶ፣ መሻገሪያው በሰባራ ድልድይ ነበር። እያንዳንዱ ለብቻው ቢመዘን ቀላል ነው፤ አንድ ላይ ሲመዘኑ ግን የአንድ ሥልጣኔ ከተማ ክብደት አላቸው። ነጠላ ነጥብ የሚፈልግ ሚዛን ይህን ሊያይ አይችልም።

የጨዋታው አዘጋጆችም ምክንያት አላቸው። ሰሌዳው ጠባብ ነው፤ ሕጉ ቀላል መሆን አለበት፤ አንዱ ሕዝብ በድንኳን ሌላው በግንብ የሚቆጠርበት ጨዋታ ለማጫወት ይከብዳል። በሌላ በኩል የታሪክ ባለሙያውም ራሱን መጠበቅ ይገባዋል። የትውልድ መንደሩን ከዝርዝር ለማስገባት ሲል ማስረጃ የሌለውን ዘመን ለከተማው የሚሰጥ ሰው፣ ሚዛኑን ከሚያጠብበው ሰው ያላነሰ ታሪክን ይጎዳል። ቢቸናን ወይም ሞጣን ከአክሱም ጋር ለማስተካከል መሞከር ለሁለቱም ክብር አይሆንም።

ቢሆንም ሕጉ ሊሻሻል እንደሚችል ጨዋታው ራሱ አሳይቷል። በስድስተኛው እትም ለኢትዮጵያ የተሰጠው ልዩ ግንባታ ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ከከተማው መሐል ወጣ ብሎ በኮረብታ ላይ ይታነጻል፤ በምኒልክ የምትመራው ኢትዮጵያም ከተሞቿን በኮረብታ ላይ ስትቆረቁር ትጠቀማለች። ደብር ከከተማ ውጭ ሆኖ ለከተማው ጥቅም ሊሰጥ ከቻለ፣ ገዳሙን፣ ገበያውንና መሻገሪያውንም በዚያው መንገድ ከአንድ ስም ጋር ማያያዝ አይቸግርም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ቁሳቁስ በእጅ አለ። ሮናልድ ሆርቫዝ እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ተዘዋዋሪ መናገሻዎች ያወጣው ጥናትና ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1982 እና በ1985 በሁለት ቅጽ ያሳተሙት የኢትዮጵያ ከተሞች ታሪክ መንገዱን ጠርገዋል። የሚቀረው የከተማ ስም ብቻ የያዘ ዝርዝር ከማቅረብ ይልቅ ለያንዳንዱ ስም ሦስት ነገር መጻፍ ነው፦ በየትኛው ዘመን፣ ለምን ሥራ፣ ከየትኞቹ ቦታዎች ጋር ሆኖ ከተማ እንደነበረ። እንዲህ ሲደረግ ቢቸና ከዲማና ከደብረ ወርቅ፣ ሞጣም ከመርጡለ ማርያምና ከሰባራ ድልድይ ጋር ይመዘገባል። የምርጫው ውሳኔ የጨዋታው አዘጋጅ ይሁን፤ የተሟላውን መዝገብ አዘጋጅቶ ማቅረብ ግን የባለሙያው ግዴታ ነው።